ያልተያያዘው ናሙና

ፈረንሳይኛ የተማርሁት በወጣትነቴ በዩኒቨርሲቲ ነው። ተመርቄ ወደ ወረታ ስመለስ ቋንቋውን የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረምና ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር ጨረስሁ። ሁለት መዝገበ ቃላትና አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ ከአልጋዬ ራስጌ አሉ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በየማለዳው አንድ ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር፤ ሰሚ አልነበረኝም። ስለዚህ አንድ ቀን በግንቦት ወር ፈረንሳይኛዬን ፈልጎ አንድ ሰው በሬን ሲያንኳኳ የተሰማኝ ደስታ ከልክ ያለፈ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ጥፋት ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ደስታ ነው።

ያንኳኳው የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት አለፍ ብሎ ሙዚቃ ቤት ያለው ሰው ነው። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ጨርቁን ትቶ ካሴት ሸጠ፤ የካሴት ዘመን ሲያልፍ ዘፈን በሚሞሪ ጫነ፤ ያም ሲቀዘቅዝ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ግድግዳ በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ፍራሽ ለብጦ መቅጃ ክፍል አደረጋት። ክፍሏ አንድ ችግር ነበረባት። ከጎኗ የሩዝ መፈልፈያ አለ። መብራት ሲኖር መፈልፈያው ይጮኻል፤ መብራት ሲጠፋ መፈልፈያው ዝም ይላል፣ መቅጃውም አብሮ ዝም ይላል።

«ጋሼ፣ ይህን ያንብቡልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

ስልኩ ላይ የነበረው ከፈረንሳይ የወጣ ማስታወቂያ፣ በፈረንሳይኛ ለሚዘፍኑ ሙዚቀኞችና በራሳቸው አቅም ለሚሠሩ ትንንሽ ሙዚቃ አሳታሚዎች ስለሚሰጥ ድጋፍ የሚያትት ነበር። ከሌላ አገር የሚቀርብ አልበምም ቢሆን፣ ግጥሙ በከፊል ፈረንሳይኛ ከሆነ ሊታይ እንደሚችል ይገልጻል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

«ለመሆኑ ፈረንሳይኛ የሚዘፍን ሰው ከየት ልታመጣ ነው?» አልሁት።

«ዘፋኙ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ አለ፤ ፈረንሳይኛው እርስዎ ዘንድ አለ። ማገናኘት ብቻ ነው የቀረን።»

ዘፋኙን በዝና አውቀው ነበር። ማሲንቆ ከአያቱና ከአባቱ የወረሰ፣ ክረምት ክረምት ሩዝ የሚያርም፣ በጋ ሠርግ የሚያሞቅ፣ ዕድሜው ወደ አምሳ የተጠጋ ቀጭን ሰው ነው። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ቀድቶ ሊያስቀረው የፈለገው ግን የሠርጉን ዘፈን አልነበረም። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ ከመግባቱ በፊት፣ ግጦሹ ሰፊ በነበረበት ጊዜ፣ የዘፋኙ አባት ለከብት ባለቤቶች የሚዘፍኗቸው የከብት ዘፈኖች ነበሩ። ላሙንና በሬውን በየመልኩ፣ በየቀንዱ፣ በየአረማመዱ እየጠሩ የሚያወድሱ ናቸው። ግጦሹ ሩዝ ሲሆን የሚወደሱት ከብቶች አነሱ፤ ዘፈኖቹን አሟልቶ የሚያውቅም ከእርሱ በቀር አልቀረም። ድጋፉ ከተገኘ ባሕር ዳር ጸጥ ያለ ክፍል ተከራይተን፣ ደኅና ማይክ ገዝተን፣ ሁሉንም ለመቅዳት ተስማማን።

የማመልከቻውን ቅጽ ስሞላ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። አንድን ዐረፍተ ነገር አራት ጊዜ ስሰርዝ ባለ ሙዚቃ ቤቱ አጠገቤ ተቀምጦ ያዛጋ ነበር።

«ጋሼ፣ ወላሂ ልጅ ስድር ይህን ያህል አልተጨነቅሁም።»

«ልጅህን ስትድር የጻፍኸውን ማንም አላረመብህማ።»

በቅጹ ላይ ሁለት ነጥቦች ነበሩ። አንደኛው፣ ከውሳኔው በፊት ቀረጻው የተጀመረ ሥራ ድጋፍ እንደማያገኝ ይደነግጋል፤ አሳታሚውም አለመጀመሩን በፊርማው ያረጋግጣል። ሁለተኛው፣ የዘፋኙን ድምፅ የሚያሳይ ናሙና ማያያዝ እንደሚቻል ይናገራል። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ሁለተኛውን ስነግረው ፊቱ በራ።

«እንግዲያው አንድ ዘፈን ቀድተን እንላክላቸዋ።»

«ይቻላል ነው የሚለው፤ ይገባል አይልም። ናሙና የላከ ሰው ቀረጻ ጀምሬያለሁ ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው።»

«ራሳቸው ላኩ ብለው ራሳቸው ይከሱናል?»

«የተጻፈውን እናክብር» አልሁ። ነገሩን ጽፎ መጠየቅ ይቻል ነበር። አልጠየቅሁም፤ ጥያቄ ማቅረብ የቋንቋ ማነስ መስሎ ታየኝ።

የፈረንሳይኛውን ግጥም የጻፍሁት እኔ ነኝ። አራት ስንኝ ነው። ዘፋኙ ለልምምድ ወደ ቤቴ ሲመጣ፣ አድማጭ ለአዝማሪ ስንኝ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ስንኙን በቃሌ ሰጠሁት። ማሲንቆውን ከጉልበቱ አሳረፈ።

«ተቀበል እንጂ» አልሁት።

«መምህር፣ እኔ ሰው ግጥም ሲሰጠኝ ገብቶኝ ነው የምቀበል። ሳይገባኝ ከተቀበልሁ ሰዳቢዬንም አመስግኜ ልመለስ ነው።»

ፍቺውን ነገርሁት። ወንዝ በክረምት ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ላምና ጥጃዋ ግራና ቀኝ ዳር ቀርተው ይጣራሉ። አሰበበት።

«ላሚቱና ጥጃዋ ደኅና ናቸው። ወንዙ ግን ሰነፍ ነው። የኛ ወንዝ ርብ እንዲህ ቀስ ብሎ መጥቶ አያውቅም።»

ቅር አለኝ። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ግጥም ላይ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ትክክለኛው የእርሱ ነበር።

የስልኬን መቅጃ ከፍቼ በመካከላችን አስቀመጥሁት። የእኔንና የእርሱን አነባበብ ማታ ለማነጻጸር ነው፤ ይህ ትምህርት እንጂ ቀረጻ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ዘፋኙ ሲሳሳት ጣቴን አነሣለሁ፤ ጣቴ ሲነሣ እንደገና ይጀምራል። በፈረንሳይኛ ወንዝን የሚጠራው ቃል በ«ረ» ይጀምራል፤ ይህ «ረ» ከምላስ ሳይሆን ከጉሮሮ የሚወጣ ነው። እኔን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። እርሱ በመጀመሪያው ቀን አወጣው።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አልሁት በአድናቆት።

«ሰሞኑን ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ለካስ ፈረንሳይኛ ይዞኝ ነው» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

አራቱንም ስንኞች ያለ ስሕተት ሲወጣቸው «በቃ፤ ተስተካክሏል» አልሁ። ደጋኑን አስተካክሎ ያዘ።

«እንግዲህ አፌን ልጠብበት» አለና የአባቱን የከብት ዘፈን ጀመረ። እጄን ሰድጄ ስልኩን ዘጋሁት። ያ ዘፈን በቅጹ ላይ ሊቀዱ ከታሰቡት መካከል በተራ ቁጥር አንድ የሰፈረ ነበርና። ስዘጋው አየኝ፤ አላቋረጠም፤ እስከ መጨረሻው ዘፈነልኝ። በሕይወቴ ሙሉውን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የማስታውሰውን ለመጻፍ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ቃላቱ ከግማሽ በላይ ጠፍተውብኛል፤ ዜማው በወረቀት አይያዝም።

ማመልከቻው በሰኔ ማገባደጃ ተላከ። መልሱ በነሐሴ መጨረሻ ይደርሳል ተባለ።

በሐምሌ ሜዳው ውኃ ሲተኛበት ዘፋኙ ደጋግሞ ማሳል ጀመረ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሰጠው፤ አልተሻለውም። ወደ ጎንደር ተላከ። ሐኪሞቹ ከድምፅ ማውጫው ላይ እብጠት አገኙ፤ ክፉው ዓይነት ነበር። ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እንደማይተርፍ፣ ከተደረገለት ደግሞ ድምፁ እንደማይመለስ ነገሩት። ተራው የሚደርሰው ከመስቀል በኋላ ስለነበር ቀጠሮ ይዞ ተመለሰ።

በነሐሴ አጋማሽ ከቀትር በፊት ሦስታችን በሙዚቃ ቤቱ ተቀመጥን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዘፋኙ ከቁሐር ሚካኤል እስከ ጉልበቱ እየጠለቀ መጥቶ ኖሮ እግሩ ገና አልደረቀም። ድምፁ ሻክሯል፤ ነገር ግን ነበረ።

«መብራት አለ» አለ ባለ ሙዚቃ ቤቱ። «የመፈልፈያው ሞተር ከተቃጠለ ሦስት ቀኑ ነው። እንዲህ ያለ ጸጥታ ይህን ሱቅ ከከፈትሁ ጀምሮ አላየሁም። አሁን እንግባና የቻለውን ያህል እንቅዳ።»

«መልሱ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው» አልሁ።

«ጋሼ፣ ፈረንሳይ ያለ ሰው በምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«የፈረምሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«የፈረምኸው እኔ የጻፍሁትን ነው። ነገ ቀረጻው መቼ ተጀመረ ብለው ቢጠይቁ ውሸት የምጽፈው እኔ ልሆን ነው። አልጽፍም።»

ባለ ሙዚቃ ቤቱ ወደ ዘፋኙ ዞረ። «አንተ ምን ትላለህ? ጉሮሮው ያንተ ነው።»

ዘፋኙ ጎንበስ ብሎ እርጥብ እግሩን ጠረገ። «መምህር ካሉ እንጠብቅ» አለ። «እሳቸው የተማሩ ናቸው። ቀጠሮዬም ሩቅ ነው። የአባቴ ዘፈን ባሕር ዳር በደኅና ዕቃ ቢቀዳ እኔም ደስ ይለኛል።»

ባለ ሙዚቃ ቤቱ ተነሥቶ ወጣ፤ ከደጅ ቆሞ የሚያልፉትን ባጃጆች ይቆጥር ይመስል መንገድ መንገዱን አየ። እኔ ያን ቀን ወደ ቤቴ የተመለስሁት ቀጥ ብዬ ነው። አንድ ነገር በሥርዓቱ እንዲካሄድ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ አለቀ። በአካባቢው ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር መልስ መጥቶ እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። አንድ ሰሞን መንገዱም ተዘግቶ ነበር። መስከረም ገባ። ዘፋኙ ከማንሾካሾክ በቀር ሌላ አልቻለም። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ባለ ሙዚቃ ቤቱ ሳይነግረኝ ጠርቶት ወደዚያች ክፍል አስገባው። በኋላ እንደነገረኝ፣ ማሲንቆው ጥሩ ሆኖ ተቀዳ። ዘፋኙ አፉን ይከፍታል፤ ከማይኩ የሚገባው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ሞክረው መቅጃውን ዘጋው።

ከመስቀል በኋላ ጎንደር ላይ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት። ነፍሱ ተረፈች።

በጥቅምት ባለ ሙዚቃ ቤቱ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሲወርድ የኢሜይል መልእክት ሳጥኑን ከፈተ። መልሱን በወረቀት አሳትሞ አመጣልኝ፤ ከጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ ቆመ።

«ይቀመጡና ያንብቡት» አለ።

የተጻፈው በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ነበር። በልማዴ በፈረንሳይኛው ድምፄን አሰምቼ አነበብሁት፤ ከዚያ ተረጎምሁለት። ማመልከቻው ግልጽና በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው፤ ቋንቋው እንከን የለበትም። ሆኖም ናሙና ስላልተያያዘ ዳኞቹ የዘፋኙን ድምፅ መመዘን አልቻሉም፤ ስለዚህም ሊደግፉት አልቻሉም። ለወደፊቱ በማናቸውም ስልክ የተቀዳ አጭር ድምፅ እንኳ በቂ መሆኑን በትሕትና ያሳስባሉ።

ባለ ሙዚቃ ቤቱ ወደ በሩ ዞረ።

«ፈረንሳይኛዎን አመስግነዋል» አለኝና ወጣ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ ሰላምታ አይነፍገኝም፤ ቤቴ ግን አልመጣም።

ደብዳቤውን አጥፌ ከመዝገበ ቃላቱ ውስጥ አኖርሁት። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዳኞቹ የጠየቁት ነገር ከሰኔ ጀምሮ በውስጡ ተቀምጦ ነበር፤ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

በኅዳር፣ ሩዙ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ስልኬን ይዤ ቁሐር ሚካኤል ሄድሁ። ዘፋኙ ከነዶው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንገቱ ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥሟል፤ የሚተነፍሰው ከሻሹ ሥር ባለው ቀዳዳ ነው። ሲያየኝ ከመቀመጫው ሊነሣ ሞከረ፤ ከለከልሁት። ሚስቱ ሌላ በርጩማ አመጣችልኝ።

ደብዳቤው ምን እንደሚል በሙሉ ነገርሁት። ናሙናውን የከለከልሁ እኔ መሆኔን፣ በነሐሴም ያስቆምሁ እኔ መሆኔን አልሸሸግሁም። እርሱ ግን ሁለቱንም ያውቃል፤ በዚያ ነበረ። ፊቱ አልተለወጠም።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልሁት።

ሚስቱ አየት አደረገችኝ። «ከሆነ በኋላ ምን ይደረጋል፣ መምህር» አለችና ወደ ማጭዷ ተመለሰች።

ስልኩን አወጣሁና ያን የሰኔውን ልምምድ ከፈትሁለት። ድምፁ ወጣ። ንጹሕ ነበር፤ ዝናብ የለበት፣ መፈልፈያ የለበት፣ የሠርግ ጫጫታ የለበት። ያ ከአባቱ የወረሰው ሰፊ ድምፅ የእኔን ሰነፍ ወንዝ በማያውቀው ቋንቋ ይዘፍናል። በየመሐሉ የእኔ ድምፅ ይገባል፤ «አይደለም»፣ «ረ ከጉሮሮ»። ከዚያ ሳቃችን። ከዚያ «በቃ፤ ተስተካክሏል»። ከዚያ «እንግዲህ አፌን ልጠብበት»። የደጋኑ የመጀመሪያ ስበት ይሰማል፤ የከብቱ ዘፈን የመጀመሪያዋ ቃል ትጀምራለች፤ ቃሏ ሳታልቅ ይቆረጣል።

ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ የቀረው ይመጣ እንደሆነ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ እኔ በልምምዱ ጊዜ እንደማደርገው፣ ጣቱን አነሣ።

እንደገና ከፈትሁለት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጣቱን ባነሣ ቁጥር ከፈትሁለት፤ ሁልጊዜም እዚያው ላይ ተቆረጠ።