በግጥሜ መሐል የገባው ሠርግ

አሳታሚዬ ኮልፌ በተከራዩት አዳራሽ ሦስት አዳዲስ መጻሕፍት ሊያስመርቁ ነበር፤ አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ የሥዕል መድበልና የእኔን ግጥሞች። ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው መጽሐፌን ሳገላብጥ ከገጽ ሠላሳ ሁለት ቀጥሎ የልብ ወለዱን የሠርግ ምዕራፍ አገኘሁ። ጥረዛ ላይ ተቀላቅሎ ዐሥራ ስድስት ገጽ ግጥሜ ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ አይሸጥም» አልኳቸው።

«ግጥም አይደል? ማን ይለየዋል?» አሉኝ ከረቫታቸውን እያስተካከሉ።

ላዋርዳቸው ቆረጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ሠርጉን እንደ ስንኝ እየቆራረጥኩ፣ ዓይኔን ከእሳቸው ሳልነቅል አነበብኩት። አንድ ሰው «ይሄማ ልብ ወለዱ ነው» እስኪል ጠበቅኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ልብ ወለዱን የጻፈው ሰውዬም ከፊት ወንበር ተነሥቶ አጨበጨበ።

ያን ዕለት ያጨበጨበልኝን ሁሉ እስካሁን እጠላዋለሁ።