ይሉኝታ ያጠፈው ጉልበቴ

መጀመሪያ የጮኸው የስፌት መኪናዬ መስሎኝ ነበር። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ዘይት አጠጣሁት። ቀበቶውን ፈትቼ አጠበቅሁት። በሦስተኛው ቀን መንኮራኩሩን ነቅዬ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ሳጸዳ፣ ባለቤቴ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ፣ "አንተ ሰውዬ፣ መኪናው እኮ ተፈታቷል። አሁን ስትነሳ የጮኸው ምንድን ነው?" አለችኝ። ቁጭ ብድግ ብዬ ሞከርኩት። እውነቷን ነው። የሚጮኸው ቀኝ ጉልበቴ ነበር።

ስሜ ነስሩ ነው። አምቦ፣ ገበያው አጠገብ፣ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። አባቴ ከስልጤ አገር በንግድ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም የከተማውን ሰው ወገብና እግር ስለካ ኖርኩ። የምነግራችሁ በደርግ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። የምጽፈው ደግሞ ጉልበቱ ሊቀየርለት ቀጠሮ ለያዘ፣ ወይም ተቀይሮለት ቤቱ ለተኛ ሰው ነው። እኔ ስተኛ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ አልነበረምና።

ድምፁ ሲጀምር ሕመም አልነበረውም። ከወራት በኋላ ግን ስሰግድ ከሱጁድ ስነሳ መውጋት ጀመረ። ቀጥሎ ቁልቁለት ስወርድ። ከሁሉ የገረመኝ ሱሪዬ ነው። የቀኙ ግርጌ መሬት እየነካ ከግራው ቀድሞ ይበላል። የራሴን ሱሪ አበላሽቼ ሰፋሁ ብዬ አፈርኩና በሜትር ለካሁት። እኩል ነው። እንደ ደጋን የጎበጠውና ያጠረው እግሬ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ ለሁሉም ሰው ስለተናገርኩ መድኃኒቱ በዛብኝ። ፍልውሃችን ውስጥ ተዘፈዘፍኩ። ባኮ ያለ ዘመዴ የሚታሰር ቅጠል ላከልኝ። እንጭኒ ድረስ ሄጄ አንድ ወጌሻ በቅቤ አሸኝ። በሁሉም ለሁለት ቀን ያህል ይሻለኛል። ወጌሻው ግን ሐቀኛ ሰው ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ፣ "ይህ ውልቃት አይደለም። እኔ የወለቀ እመልሳለሁ እንጂ ያለቀ አልተካም። ሐኪም ጋ ሂድ" ብሎ ሸኘኝ።

አምቦ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ። "ይህ ኦስቲኦአርትራይተስ ይባላል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ካርቲሌጅ የሚባል ለስላሳ ነገር መኖር ነበረበት። አልቋል። አሁን አጥንት አጥንትን እየፋቀ ነው" አለኝ።

"ገበሩ አልቋል ማለት ነው?" አልኩት።

ሳቀ። "አዎ፣ ገበሩ አልቋል። እንዲህ ከቆየ በዓመት በሁለት ዓመት ፔዳል መርገጥ ያቆማሉ።"

ይህን ሲለኝ እኔ አልሳቅሁም። ከስፌት ሌላ ሙያ የለኝም። በከተማችን ለኢድ የሕፃናቱን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። የአንዳንዶቹን የአባቶቻቸውንም እኔ ነኝ የሰፋሁት። ሐኪሙ አዲስ አበባ ውስጥ ለማስተማር የመጣ የውጭ አገር ቀዶ ሐኪም እንዳለ፣ ጥቂት ሰው ሠራሽ ጉልበቶችም ይዞ እንደመጣ ነገረኝና ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁና በአውቶቡስ ሄድኩ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ ዕቃውን እንዳየው። ነርሶቹ ተሳሳቁ፤ ቀዶ ሐኪሙ ግን ደስ አለውና ከሣጥን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከላይ እንደ መስተዋት የተወለወለ ብረት፣ ከታች ነጭ ፕላስቲክ። ሁለቱን አንዱ በአንዱ ላይ አንሸራተትኳቸው። ድምፅ የላቸውም። "ከአጥንቱ ጋር በምን ይያያዛል?" ብዬ ጠየቅሁ። የሚተረጉምልን አበሻ ሐኪም፣ "በሲሚንቶ" አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ለአጥንት ተብሎ የሚሠራ ሲሚንቶ አለ።

ወገቤ ላይ በመርፌ አደነዘዙኝ። እግሬ ጠፋ። እኔ ግን ነቅቻለሁ። መጋዝ ሰማሁ። ቀጥሎ መዶሻ። ሕመም የለም። አልጋው ይነቀነቃል። የሚመታው የኔ አጥንት ነው። ሸሃዳዬን፣ የእምነት ቃሌን፣ አልኩ። መዶሻው ቆመ።

በማግሥቱ ሕመሙ መጣ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ይመጣል፤ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ያልፋል። ፋሻው ሲከፈት የቁስሉን ስፌት አየሁት። አንዱ ከአንዱ እኩል የተራራቀ፣ ያልተሸበሸበ ጥሩ ስፌት ነበር። ለሰፋው ለአበሻው ሐኪም ይህንኑ ብነግረው፣ "ከእርስዎ መስማቴ አኮራኝ" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሲስተር ውብነሽ በክራንች አቆመችኝ። ሁለት ነገር ደጋግማ አስጠናችኝ። ጉልበቱ መታጠፍ ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ መዘርጋት አለበት። ስተኛ ከቋንጃዬ ሥር ትራስ እንዳይገባ፤ ትራስ ካስፈለገ ከተረከዝ ሥር ብቻ። "አባባ፣ የሚመች ነገር ሁሉ አይጠቅምም" አለችኝ። እሺ አልኩ። የምር ነበር እሺ ያልኩት።

ቤቴ ስደርስ ጠያቂው ቀድሞኝ ገብቷል። ከመስጊድ፣ ከገበያ፣ ከዕድር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። ሁሉም ስለ ሲሚንቶው መስማት ይፈልጋል። "የሙገር ነው?" ያለኝ ሰው ብዛቱ! ጎረቤታችን ግንበኛው ደግሞ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል ብሎ ከልቡ መከረኝ። የተኛሁበት ፍራሽ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። እግሬን ከዘረጋሁ የውስጥ እግሬ ለሚገባው ሰው ሁሉ ይደቀናል። በእኛ ዘንድ ደግሞ እግርን በሰው ፊት፣ ይልቁንም በሽማግሌ ፊት መዘርጋት ነውር ነው። ተረከዜን ለአንድ አዛውንት ደቅኜ "እንኳን ደህና መጡ" ማለት አልሆነልኝም። ስለዚህ የሰው ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጉልበቴን አጥፌ ጋቢ እደርብበታለሁ። ጠያቂው አይቶኝ ያዝናል፤ ትራስ ያነሣና ከቋንጃዬ ሥር ይሸጉጥልኛል። ተከታዩ ሁለተኛ ትራስ ይጨምራል። ትራሱ ይመቻል፤ ሕመሙን ያስታግሳል። ሲስተር ውብነሽን አልረሳኋትም፤ ሰው ሲወጣ እዘረጋዋለሁ እያልኩ ነበር። ሰው ግን አይወጣም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ዘይነባ ነገሩ ባይጥማትም ትራስ ያቀረበን እንግዳ እጅ መከልከል እሷም አልቻለችም።

አንድ ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ፍራሹ ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ባዶ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ለቀቅሁት። ቋንጃዬ ወለሉን አልነካም። ተጫንኩት። አልነካም። እጄን ከሥሩ አስገባሁ። አራት ጣት ገባ። ጡጫዬን ሞከርኩ። ጡጫዬም ገባ።

በቀጠሮዬ አዲስ አበባ ስሄድ ያ አበሻ ሐኪም እግሬን ይዞ ሊዘረጋው ተጫነው። ከዚያ፣ "የተተከለው ጤነኛ ነው። የያዘው ጠባሳ ነው። ከሥሩ ትራስ ሲያደርጉ ነበር?" አለ።

የጠያቂዎቹን ነገር ነገርኩት።

"አቶ ነስሩ፣ የማይዘረጋ ጉልበት በጭን ጡንቻ ብቻ ነው የሚቆመው። እንዲህ ከቀረ ያነክሳሉ፤ ፔዳሉንም ይርሱት። አንድ ወር ልስጥዎት። ካልተሻለ አደንዝዘን በኃይል ለመዘርጋት እንሞክራለን። ያ ደግሞ አጥንት ሊሰብር ይችላል።"

በአውቶቡስ ስመለስ ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ንዴቱ ባሰብኝ። መጋዝና መዶሻ ችዬ፣ በትራስ ልሰናከል!

በማግሥቱ ኦቦ ገመቹ ሊጠይቁኝ መጡ። ከጉደር በኩል የሚመጡ፣ ዕድሜያቸው ሰባ የሚሆን ገበሬ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሱሪያቸውን ሰፍቼላቸዋለሁ። "አካም ቡልተ፣ ነስሩ?" እያሉ ሲገቡ ጉልበቴ ከልማዱ የተነሣ በራሱ ታጠፈ። የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝና መልሼ ልዘረጋው ስል ፊታቸውን አየሁ። መሃል ላይ ቀረሁ።

"ኦቦ ገመቹ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐኪም እግርህን ዘርጋ ብሎኛል። በፊትዎ መዘርጋቱ ደግሞ ከበደኝ" አልኳቸው።

"ራኮ ሂንቀቡ፣ ምን ችግር አለው" አሉ። "እንዴት አድርግ ነው ያለህ?"

ተረከዜ ከፍ ያለ ነገር ላይ እንደሚሆን፣ ከጉልበቴ ሥር ምንም እንደማይደረግ፣ ክብደቱ ራሱ ቁልቁል እንደሚዘረጋው አስረዳኋቸው። ዱካውን፣ በርጩማችንን፣ ሳቡና ከእግሬ ግርጌ ተቀመጡ። "ሚለ ኬ ፊዲ። እግርህን አምጣ" አሉና ተረከዜን አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ልስብ ስል ቁርጭምጭሚቴን ያዙኝ።

"ተው እንጂ። የበሬ ኮቴ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንተ ምን ይከብደኛል?"

ከዚያ ስለ በቆሎው፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ብሔራዊ ውትድርና ስለሄደው ልጃቸው ያወሩኝ ጀመር። ቋንጃዬ ነደደ። ላብ አጠመቀኝ። ወሬው አልቆመም። በቃዎት እንዳልል አፈርኩ፤ ያ ይሉኝታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ሲነሡ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ አይቀርም። ዘይነባን፣ "ትራሱን ሸሽጊው። ከእንግዲህ የሚመጣ ሁሉ እግሩን እየያዘ ያውራ" ብለዋት ሄዱ።

ዘይነባ የሳቸውን ትእዛዝ እንደ አዋጅ ያዘችው። ዱካው ከእግሬ ግርጌ ተተከለ፤ የገባ ሰው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ ተረከዜ ጭኑ ላይ ይሆናል። መጀመሪያ ሁላችንም እንተፋፈር ነበር። ከሳምንት በኋላ ሰዉ ተረኛ መሆን ወደደ። ግንበኛው መጥቶ ቱንቢ እንደሚያይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ውልግድናውን ይለካል። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ያዙ፤ እሳቸውስ እንደ ማኅተም በሁለት እጅ ነበር የያዙት። እኔም በየማታው ጣቶቼን ከቋንጃዬ ሥር እያስገባሁ እለካለሁ። ጡጫዬ አልገባ አለ። ከዚያ አራት ጣት። ከዚያ ሦስት።

ለመታጠፉ ደግሞ በሙያዬ ብልሃት ፈለግሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ወለሉ ላይ ወደ ኋላ አንሸራትታለሁ፤ ተረከዜ በደረሰበት ላይ በልብስ ጠመኔ መስመር አሰምራለሁ፤ በማግሥቱ ያንን ለማለፍ እታገላለሁ። ዘይነባ ስትጠርግ መስመሮቹን ትዘላለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስትለኝ፣ እንቁላሉማ ሄደ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ጉልበቴን እንደ አዲስ ጨርቅ ማጥናት ያዝኩ። ጠዋት ግትር ነው፤ ጥቂት ስራመድ ይለዝባል፤ ከመጠን ካለፍኩ ያብጥና በማግሥቱ ከትናንቱ መስመር ያነሰ ይሆናል። ያን ቀን እግሬን ከፍ አድርጌ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳርፈዋለሁ። ወደ ኋላ የተመለሰ መስመር ሁሉ ውድቀት እንዳልሆነ ለመረዳት ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ ጉልበቴን ተጫነው። አልጋውን ሊነካ የቀረው የአንድ ጣት ያህል ነው። "ማደንዘዣው ቀርቷል። ማነው የሠራልዎት?" አለኝ።

"ጠያቂ" አልኩት።

ስፌት እንደገና ስጀምር መርፌው ላይ ክር አላስገባሁም። ፔዳሉን ብቻ ረገጥኩ። መንኮራኩሩ ዞረ። ጉልበቴ ወጣ፣ ወረደ። አሥር ጊዜ ያህል ሆነና ቆምኩ። አለቀስኩ። ዘይነባ ወደ ውጭ እያየች፣ "ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው" ብቻ አለች። በማግሥቱ ክር አስገባሁ። አንድ እጅጌ፤ ዕረፍት፤ አንድ እጅጌ።

እናንተ አሁን የተኛችሁ ሰዎች ሆይ፣ ከእኔ ጥፋት ይህን ያዙ። ትራስ ከቋንጃ ሥር እንዳታስገቡ፤ የሚያስገባላችሁ ሰው ቢወዳችሁም። ጠያቂ ሲመጣ እግራችሁን ዘርጉና ምክንያቱን ንገሩት፤ የቆመ ሰው ሥራ ሲሰጡት ደስ ይለዋል። ትእዛዙን ከሐኪም ስትሰሙ አስታማሚያችሁም አብሮ ይስማ፤ እኔ ብቻዬን መስማቴ ነው ዘይነባን አቅም ያሳጣት። ባታችሁ ቢያብጥና ቢያም፣ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ፣ ቁስሉ ቢመግል ወይም ትኩሳት ቢመጣባችሁ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂዱ። ጉልበቱም የቀድሞው ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። የኔ በርከክ ማለት አይወድም። የምሰግደው ወንበር ላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ያስከፋኝ ነበር።

ለዚያ ዓመት ኢድ ደረስኩ። ሜዳው ላይ ወንበሬን ከኋላው ሰልፍ አደረጉልኝ። ኢማሙ ተክቢራ ሲያሰማ ሰዉ ሁሉ ለሱጁድ ወረደ፤ እኔ አንገቴን ብቻ ደፋሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔን ቀና አደረግሁ። ሰው ሁሉ ተደፍቶ ከላይ ሆኜ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። የአባቶቹ ጀርባ፣ ከጎናቸው የልጆቹ ጀርባ፣ አዲስ ልብስ፣ ረድፍ በረድፍ። ከፊቴ ያለው ትንሽ ልጅ ቀሚስ ላይ የትከሻው ስፌት ትንሽ ጠማማ ነበር። የሰፋሁበትን ቀን አወቅሁት፤ ጉልበቴ ያበጠ ዕለት ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ስለ ጠማማውም።