ኮርቻውን ማን አወረደው

አባቴና እናቴ በሽማግሌ ሲለያዩ እኔ የዘጠኝ፣ እህቴ የአምስት ዓመት ልጆች ነበርን። እኛ ከእናታችን ጋር ቆሰበር ቀረን፤ አባታችን ዳንግላ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሥራው ሲዘጋ ፈረሱን ጭኖ ይነሣል፤ አክስቱ ቤት አድሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛን ሊያይ ይመጣል።

እኔ ጠያቂ ልጅ ነበርኩ። እናቴ “ይቺስ ዳኛ ነው የምትሆነው” እያለች ታሾፍብኛለች። አባባ ግን ሁሉንም ይመልስልኛል። ከእኛ ጋር አማርኛ እያወራ ለፈረሱ ለምን አገውኛ እንደሚናገር ስጠይቀው፣ ፈረሱ ከአገው ገበሬ ስለተገዛ አማርኛ አይገባውም አለኝ። አመንኩት። የሚሸሸኝ በአንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ለምን ቤት አይገባም? ፈረሱን ከነኮርቻው አጥሩ ላይ አስሮ ሜዳው ላይ ከእኛ ጋር ይቀመጣል። ካፊያ ቢመጣ እንኳ ካባውን ለሦስታችን ያለብሳል እንጂ ወደ ቤቱ ቀና ብሎ አያይም።

አንድ እሑድ አላስቀምጥ ስለው ነገሩን ገለጠልኝ። የእንግዳን ኮርቻ የሚያወርደው የቤቱ ባለቤት ነው። ኮርቻው ወርዶ ቤት ከገባ እንግዳው ግባ ተብሏል። ካልወረደ ጉዳዩን በደጅ ጨርሶ ይሄዳል፤ ራሱ ቢያወርደው ግን ነውር ነው። እኔም አሰብኩና፣ እዚህ ቤት የምኖረው እኔ አይደለሁም ወይ አልኩ በልቤ።

በሚቀጥለው ሲመጣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም ነበር። አባባ የታመመ ጎረቤት ልጠይቅ ብሎ ዘወር ሲል፣ እህቴ ልጓሙን ያዘች፤ እኔ በፈረሱ ሆድ ሥር ያለውን ጠፍር ፈታሁ። ኮርቻው እኔንም ይዞኝ ወደቀ። ሁለታችን እየጎተትን አስገብተን ምሰሶው ሥር አኖርነው።

ቀድማ የደረሰችው እናቴ ናት። ኮርቻውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ደፍሮ ራሱ ያስገባው መስሏታል። አንድ ቃል ሳትናገር አባባ መጣ። እሱ ደግሞ የፈረሱን ባዶ ጀርባ ሲያይ እሷ ያስወረደችለት መስሎታል። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባና ስለ ኮርቻው እግዜር ይስጥልኝ አላት።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ቀሚሴ የፈረስ ፀጉር በፀጉር ሆኗል። አለቀልኝ ስል እሷ “ይቀመጡ” አለችው፤ ከተለያዩ ወዲህ አንተ ማለቱን ትታ ነበር። ምሳ አቀረበች። ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ አወሩ። አባባ እቤታችን ውስጥ ሲስቅ ስሰማ፣ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ስንሸኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናትሽ ምን ብላ አስወረደችው አለኝ። እኔም ኮራ ብዬ፣

“እኔ ነኝ ያወረድኩት። እማዬ አላወቀችም” አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ሳይጠሩኝ ገብቼ በላሁ ብሎ አንገቱን ደፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አልመጣም። ከዚያ በኋላም ቀረ። እህቴ እሑድ እሑድ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። በመጨረሻ እናቴ ምን ብለሽው ነው ብላ ያዘችኝ፤ ነገርኳት።

“ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?” አለችኝ። “እኔ ዝም ያልኩትን አንቺን ምን አናገረሽ?”

ኮርቻውን ስታይ ተቆጥታ ሳለ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሜ አልጠየቅሁም።

አባባ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ፈረሱን ከአጥሩ ራቅ አድርጎ ዛፍ ላይ አሰረና እኛን በእጁ ጠራን። እህቴ በረረች። እኔ ልከተላት ስል እናቴ ከበሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

“ሂጂ፣ ኮርቻውን አውርጂ” አለችኝ። “ማን አዘዘሽ ካሉሽ፣ እናቴ በያቸው።”