የተፈራ ኮርሳ ብስክሌት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ በጾም የበላሁትን ቅቤ ሁሉ ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ቅቤው ይቀለኝ ነበር።

እኔ ሰረቅሁ። ከማን? ከጓደኛዬ። መቼ? ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ።

ተፈራ እዚህ በሰው አገር፣ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር፣ ከበላዬ ባለው ፎቅ ጎረቤቴ ነበር። በወጣትነቱ የተወዳደረባት ኮርሳ፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘች፣ ከደረጃው ሥር ዝጋ ቆማ ነበር። ሲታመም «ከእንግዲህ ምን ታደርግለታለች?» አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በየቀኑ እየሄድኩ «ትድናለህ» የምለውም እኔው ነበርኩ።

ወስጄ ጓዳዬ ቆለፍኩባት። ዝገቷን በሎሚና በአመድ ፈተግሁ፤ ሰንሰለቷን ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ጎማና ፍሬኗን ሁርሊንግሃም መንገድ ዳር የሚሠራ፣ እዚህ ፉንዲ የሚሉት ጠጋኝ ካረጁ ብስክሌቶች እየፈታ ገጠመልኝ። ሰማያዊ ቀለሟን ፍቄ ከግቢው በር በተረፈ አረንጓዴ ቀባኋት። ቁጠባ ነው እል ነበር። ቁጠባ? እንዳትታወቅብኝ እንጂ! እኔ፣ ሆዴ ከመሪው ቀድሞ የሚደርስ ሽማግሌ፣ ተወዳዳሪ መስሎኝ!

ተፈራ ሞተ። ሚስቱ አስናቀች መጣች።

«ጋሼ፣ ብስክሌቱን አይተዋታል? ለአርባው ከፎቶው አጠገብ ላቆማት ነበር።»

«ብረት ሰብሳቢዎቹ ሳይወስዷት አይቀሩም» አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ክፋቱ እንባዬ የእውነት ነበር።

ተዝካሩ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነበር። ብስክሌቷን እየነዳሁ ሄድኩ። «ገዛኋት» ብዬ አስወርቼ ስለነበር፣ በእግሬ ብሄድ የሚጠረጥሩኝ መሰለኝ። የሌባ ብልሃት! አስናቀች በሩ ላይ ተቀበለችኝ። መሪዋን ዳበሰች።

«የሱም እንዲህ ነበረች ጋሼ። ለዛሬ ብቻ ቢያውሱኝ?»

አዋስኳት። የገዛ ባሏን ብስክሌት ለአንድ ቀን አዋስኳት! በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ከፎቶው አጠገብ አቆመቻት። ስንቴ አፌን ከፈትኩ? ለመጉረስ ብቻ። ሰው ሲበተን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መለሰችልኝ። እኔም ተቀበልኩ።

ፈርቼ ነው አልልም። አርጅቼ ነው አልልም። እሷ አሁንም ከበላዬ ትኖራለች፤ ባገኘችኝ ቁጥር «ብስክሌትዎ ደህና ናት?» ትለኛለች። ደህና ናት እላለሁ። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይረባኛል? ይቅርታው ያለው እሷ ዘንድ ነው፤ አንድ ፎቅ ብቻ መውጣት ነው። እስከ ዛሬ አልወጣሁም።