እርድ ነው እያልኩ የደበቅኩት

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምናችሁ፤ እስክጨርስ ድረስ እልል አትበሉ። ባለፈው እዚሁ ቆሜ ስመሰክር እልል ብላችሁልኛል፣ እኔም አብሬያችሁ ብያለሁ፣ መዘዙ ግን ቀላል አልነበረም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ሾላ ገበያ ቅመም ነጋዴ ነኝ። በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ እርድ እሸጣለሁ። ያደግኩት እንጦጦ አፋፍ ላይ፣ በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ጌታን የተቀበልኩት ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ዛሬም እዚያው እንጦጦ ናት፣ ዛሬም ኦርቶዶክስ ናት። በሃይማኖት ተጣልተን ለዓመታት ደህና ሆነን አልተነጋገርንም። ጥፋቱ የሷ ብቻ ነው ስል ኖሬያለሁ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

አምና ሐሞትሽ ውስጥ ጠጠር አለ ተባልኩ። ሐኪሞቹ ሆድሽ አይከፈትም፣ በአራት ትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብተን የሐሞት ከረጢቱን እናወጣዋለን አሉኝ። እንዳሉትም አደረጉ፤ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ እሁድ፣ ቀሚሴ ስር ያለው ፕላስተር እንኳ ሳይነሳ፣ እዚህ መጥቼ ፈጽሞ ተፈውሻለሁ ብዬ መሰከርኩ። አንዴ በስሙ ተፈወስኩ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ አይልም፤ የጸሎት ቤታችንን ልማድ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ አመመኝ ማለት ጌታን ማሳፈር መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሽንቴ ጠቆረ። ገላዬን እንደ ጉድ ያሳክከኝ ጀመር። ከዚያ መዳፌ ቢጫ ሆነ። ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ እርድ ነው፣ እርድ ስሰፍር ውዬ ነው አልኳቸው። የእርድ ነጋዴ እጅ ቢጫ ቢሆን ማን ይጠረጥራል? ባሌም አመነኝ። የጸሎት ቡድናችን እህቶች ደህና ነሽ ወይ ሲሉኝ፣ ጌታ ይባረክ፣ ድኛለሁ እያልኩ ቤት ገብቼ ግድግዳ ላይ እታከክ ነበር። ወገኖቼ፣ ማንም ደብቂ አላለኝም። እኔው ነኝ። ከአንድ ወር በላይ እንዲህ ሆኜ ቆየሁ።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ለበዓል ቅመም ልትገዛ ሾላ መጣች። ልትገዛ የመጣችው ከጎረቤቴ ነው እንጂ ከእኔ አልነበረም። ሳታስበው አየችኝና ቆመች። እጄን ስታይ እርድ ነው አልኳት።

"ዓይንሽንም በእርድ ነው የታጠብሽው?" አለችኝ።

አሁን ጸበል እንሂድ ልትለኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን መደቤን ራሷ በሸራ ሸፈነችና ክንዴን ይዛ ሐኪም ቤት የሚወስድ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ። መንገድ ላይ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ያዘኝ።

ሐኪሙ ቢጫነቱ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ወገኖቼ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ እዚያም ከትናንት ወዲያ ነው አልኩ። እትዬ አስካለ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

"እህቴ፣ ልትሞቺብኝ ነው። ለዚህ ሰው እንኳ እውነቱን ንገሪው።"

ያኔ አለቀስኩና ተናገርኩ። ጌታ ሆይ፣ በስምህ ዋሽቻለሁ ያልኩትም በዚያው ትንፋሽ ነው። ጌታን ካወቅኩ ስንት ዓመቴ ነው፣ እንደዚያ ሰዓት ግን ጸልዬ አላውቅም።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከረጢቱ ሳይወጣ ወደ ታች ወርዶ የቀረ አንድ ጠጠር የሐሞት ቱቦውን እንደዘጋው፣ የታቆረው ሐሞት እንደተመረዘ፣ መርዙም ደሜ ውስጥ እንደገባ ነገረን። በመጀመሪያው ሳምንት ብመጣ ኖሮ ይቀል እንደነበርም አልደበቀኝም።

የቀረውን አላስረዝምም። በአፌ ካሜራ አስገብተው ጠጠሩን አወጡ፣ ቱቦው እንዳይዘጋም ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ ከተቱበት። በሦስተኛው ወር ቧንቧው ተዘጋና ትኩሳቱ ተመለሰ። ቀየሩት። ደግሞ ተዘጋ። ቱቦው ጠባሳ ይዞ ጠቧል ተባለና፣ አይከፈትም የተባለው ሆዴ ተከፍቶ ቱቦው ከአንጀቴ ጋር ተሰፋ። ሐሞቴ በጎኔ ወደተንጠለጠለ ከረጢት እየተንጠባጠበ አምስት ሳምንት ተኛሁ። አጠገቤ እንደ እኔው ያመማቸው፣ መሪ ከሚባለው ሰፈር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ሲያስነጥሱ ስፌታቸውን ደግፌላቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ልጆቻቸው ልብሳቸውን በፌስታል ሊሰበስቡ መጡ። እሳቸው ሄደው እኔ ለምን እንደቀረሁ አላውቅም። እናውቃለን የሚሉኝን ሰዎች መስማትም ደክሞኛል።

እትዬ አስካለ በየቀኑ ከእንጦጦ እየወረደች ገላዬን ታጥበኝ ነበር። እሷ በራሷ ጸሎት፣ እኔ በራሴ፣ አንድ አልጋ አጠገብ ጸለይን። ስሙ ይባረክ፣ እህቴን መለሰልኝ።

ዛሬስ ተፈውሰሻል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ አልላችሁም። ባለፈው ሳምንት እንደገና ብርድ ብርድ ብሎኛል፤ ሐኪሞቹም ደግመን ማየት አለብን ብለዋል። እፈራለሁ። ግን እየፈራሁ የምታመንበት ጌታ አለኝ። ድኛለሁ ስለው ብቻ ሳይሆን አመመኝ ስለውም ይሰማኛል። ክብር ለእርሱ ይሁን።

በመካከላችሁ ተፈወስኩ ብሎ የመሰከረ፣ በልብሱ ስር ግን የሚያመው ሰው ካለ፣ እኔ የቆምኩት ለእሱ ነው። ጌታ በውሸታችን አይከበርም፣ በሕመማችንም አያፍርብንም። ታመኑትና ተናገሩ። ሐሙስ በጠዋት ከሾላ ታክሲ ተራ ተነስቼ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ብቻውን መሄድ ያፈረ ከእኔ ጋር ይምጣ፤ እኔ እፍረቴን ዛሬ እዚህ ጨርሻለሁ።