ሦስት ቀን ከአምፖሉ ሥር

በምርምር እርሻው ውስጥ «የትል እናት» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ዘበኛው ነው። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ከአንዳንድ ሰው ልጅ የትል ልጅ ይሻላል ብላ ስቃበታለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላኛው ክፍል ተቀምጣ አፈር ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት ስትቆጥር ኖራለች። የመሬት ትሉን፣ ጥንዚዛውን፣ መቶ እግሩን፣ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱትንና ጭራቸውን አስፈንጥረው የሚዘሉትን ነጫጭ ነፍሳት ሁሉ ትቆጥራለች። እኔና እናንተ መሬት ብለን የምንረግጠው ለእሷ ሕዝብ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ከእርሻው ተቆርጦ የመጣ፣ ጡብ የሚያህል አፈር ወንፊት ላይ ይቀመጣል። ከወንፊቱ ሥር አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ጠባብ ቆርቆሮ አለ፤ ከላይ ደግሞ አምፖል ይበራል። አፈሩ ከላይ ጀምሮ ሲደርቅ ነፍሳቱ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ በመጨረሻም ከግርጌው የተቀመጠው የአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ጠብ ይላሉ። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሦስት ጣታቸውን ቀስረው «ሦስት ቀን ነው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» ብለዋት ነበር። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ሃያ አራት አምፖል በርቶ የሚውልበት ቤት ከሰዓት በኋላ ዓይን ይከድናል። እንቅልፍ ነው እንዳትሏት፣ ትቆጣለች፤ «ሰመመን ነው» ትላለች። በሰመመኗ እሷም አብራ ትወርዳለች። የረገፈው ገለባ ከራሷ በላይ እንደ ጣሪያ ይዘረጋል፤ ብርሃኑ በስንጥቁ ቡናማ ሆኖ ይገባል፤ ጥንዚዛው ትከሻዋን ገፍቶ ያልፍና ይቅርታ እንኳ አይጠይቅም። ከዚያ ትነቃለች፣ አንገቷን ታሻለች፣ ትቆጥራለች።

ነገሩ የመጣው በስድስት ቁጥር ማሳ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ዶክተሩ፣ ማለትም የእርሻው ኃላፊ፣ ማሳውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ግማሽ እንደ ወትሮው ይታረሳል። ሌላው ማረሻ አይነካውም፤ አፈሩን እንዲሸፍን ብቻ የሚዘራ ሰብል ይበቅልበትና ሳያፈራ በከባድ ብረት ተዳምጦ ይነጠፋል። ቅሪቱ እዚያው ይበሰብሳል፤ ዘሩም በቅሪቱ መሃል ይዘራል። ዶክተሩ ከዚያ ምንጣፍ ሥር ሕይወት ይርመሰመሳል ብሎ ነበር። የትል እናት ቆጠራ ግን በየዓመቱ ከታረሰው እምብዛም አይበልጥም አለ። ዘንድሮማ ጭራሽ አነሰ።

«እርስዎ ካሉ አለቀ» አለ ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ። ያ ግማሽ በሚመጣው ሰኞ ጠዋት በማረሻ እንዲገለበጥ ትእዛዝ ፈረመ። እሷን አልጠረጠራትም፤ የእሷን ቁጥር የጠረጠረ ሰው በእርሻው ተወልዶ አያውቅም። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር፤ የስንብቱ ደብዳቤም «እንከን የለሽ» በሚል ቃል ተረቅቋል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ የመጨረሻዎቹን ብልቃጦች ከሰበሰበች በኋላ፣ አምፖሎቹን ሳታጠፋ ሰመመኑ ወሰዳት። እንደ ልማዷ ወረደች። ዛሬ ግን ማንም አይሄድም። ሁሉም እርጥብ ሥር ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ምነው?» አለች። «ምን አስቸኮለን? እዚህ እኮ ገና እርጥብ ነው» አሏት።

ብድግ ብላ ጣቷን ካልታረሰው ማሳ የመጣው አፈር ውስጥ ሰደደችው። ላዩ ይፈረካከሳል፤ ልቡ ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ከታረሰው የመጣው እስከ ግርጌው ደርቋል። ነፍሳቱ ገና ከውስጡ አልወጡም ማለት ነው። ገለባ የተሸፈነ አፈር ውሃ እንደሚይዝ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ እሷም ታውቃለች። ሦስት ቀን የተባለው ግን ማሳው ሁሉ በሚታረስበት ዘመን ነው። ዳቦ ቢሆን ኖሮ ቢላ ሰዳ ትሞክረው ነበር። የአዋቂ ቃል ሆነና ሳትሞክረው ስድስት ዓመት አለፈ።

አዲስ ብልቃጥ ከየቆርቆሮው ሥር አስቀምጣ አምፖሎቹን ሳታጠፋ ሄደች። እሑድ ተመልሳ ስታይ ከታረሰው ሥር ያሉት ብልቃጦች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ካልታረሰው ሥር ያሉት ግን ግርጌያቸው ነጭ ሆኗል። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ስታወዛውዛቸው ሺህ ትንንሽ ነፍሳት ቀስ ብለው ተነሱ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አምረው ታዩዋት። ወዲያው ደግሞ የስድስት ዓመት ቁጥሯ ትዝ አላት።

እውነቱን እንናገር ካልን ያን ጊዜ ዓይኗ መታጠቢያው ላይ ነበር። አንዴ ብትደፋቸው ማን ያውቃል? ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው። ማታ ራት ላይ ነገሩን ነገረችው።

«አንዴ ኮት አጥብቤ ሰፋሁና ደንበኛዬን ወፍረሃል አልኩት» አላት።

«ከዚያስ?»

«ምን ከዚያስ አለው፣ ሰውየው ምግብ ቀንሶ ከሳ። ኮቱም ልኩ ሆነ።»

«ተገላገልክ በለኛ!»

«እሱን ሳይ እስከ ዛሬ መንገድ እቀይራለሁ እኮ።»

ሰኞ ማለዳ ትራክተረኛው ማረሻውን አገጣጥሞ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ብልቃጦቿን በሳጥን አቅፋ ከፊቱ ቆመች።

«አፈር ስሆን ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ታዝዤ ነው።»

«አውቃለሁ። የታዘዝከው በእኔ ጥፋት ነው።»

ትራክተረኛው አያት። ከዚያ ወርዶ፣ ምንም ያልጎደለውን ጎማ እየዞረ ይመረምር ጀመር።

ዶክተሩ ቢሮው ሲገባ ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው አገኛቸው። አንዱን አነሳ። ስትነግረው ዓይኑን ከብልቃጡ አልነቀለም። ስትጨርስ ስልኩን አንስቶ «ማረሻው ይቁም» አለ። ስልኩን ሲያስቀምጥ ፊቱ ላይ ደስታና ድንጋጤ አብረው ነበሩ።

«የዘንድሮው ብቻ ነው የተሳሳተው እንበል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ወር ነው የቀረዎት። ማን ይጠይቃል?»

ቅንነቱ ገባት፤ ገብቷትም ፈተናት። ያንን ደብዳቤ ትፈልገው ነበር፤ አልፈልገውም ብትል ውሸቷን ነው።

«ስድስቱም ዓመት ነው» አለች። «ስድስት ብለህ ጻፍ። እኔ እፈርማለሁ።»

ጻፈ። ፈረመች። ብዕሩን መለሰችለት።

«ታዲያ ትክክሉ ስንት ቀን ነው?» አላት፣ ብዕሩን እንደያዘ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ መልስ ነበራት። አሁን አፏን ከፈተች፤ አፈረችም፤ ግን እፍረቱ እንደፈራችው አልከበዳትም።

«አላውቅም» አለች። «እነሱ ወርደው እስኪጨርሱ መጠበቅ ነው።»

ሳጥኗን አቅፋ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፣ እጇ ሥራ ይዟል።