ያልተንቀጠቀጠው ነሐስ

ሬሲያኒ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ የድምፅ ስቱዲዮ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ኮምፒውተሩን ሳይሆን አጠገቡ ያለችውን የአበባ ትሪ ነው። ከኮኮናት ቅጠል የተሰፋች፣ መዳፍ የምታህል ትሪ፤ ውስጧ ቀይና ነጭ አበባ፣ ጥቂት የሩዝ ፍሬ። እዚያ ማሽን የሚነካ ሁሉ ያቺን መሥዋዕት ሳያስቀምጥ ሥራ አይጀምርም። ሬሲያኒ ግን ለትሪዋ ሌላም ሥራ ሰጥታታለች። ከማውሱ በስተቀኝ አንድ ጣት ያህል አርቃ ታስቀምጣትና ስትመለስ ርቀቱን ትለካለች።

ማክሰኞ ዕለት ትሪዋ በስተግራ ተገኘች።

«ማሽኔን ማን ነካው?»

ከሁለት ወንበር ማዶ የተቀመጠው አስታዋ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሳ። በአንድ ዓመት ስለሚበልጣት ብሊ፣ ታላቅ ወንድም፣ እያለች ነው የምትጠራው። «የመንግሥት ኮምፒውተር ያንቺ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ትሪዬን ማን አነሳት ነው ያልኩህ፣ ብሊ።»

«እኔ ነኝ። ጉንዳን ተሰልፎ ወደ ኪቦርዱ ሊገባ ሲል ደረስኩበት።»

«ጉንዳን።»

«ስሙን አልጠየቅኩትም።»

አላመነችውም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የፈተና ሥራቸውን የሚያስረክቡት ሰኞ ነው፤ ብልጫ ያገኘው ተማሪ ስቱዲዮውን እንዲይዝ ይቀጠራል። ቦታው አንድ፣ የሚፈልጉት ሁለት፣ እሷና አስታዋ። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት ጨርሳ ያስቀመጠችው ሥራ ሌላ ግልባጭ የለውም።

ሬሲያኒ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ በደሴታቸው በጊያንያር መንደሮች እየዞረ ጋሜላን የሚባለውን የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ የሚቃኝ ሰው ነበር። በልጅነቷ ከጎኑ ቁጢጥ ብላ የሞረዱን ብናኝ በመዳፏ ትሰበስብለት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እዚህ ገባች። አንደኛ ዓመት ላይ ገመድ መጠቅለል፣ ማይክ ከነሐሱ ምን ያህል እንደሚርቅ በስንዝር መለካት ተማረች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ድምፅ በስክሪኑ ላይ ሥዕል እንዳለው አየች። ተራራና ሸለቆ ነው፤ ዝምታ ያለችው እንኳ ሲያጎሉት ሣር እንደበቀለበት ሜዳ ነው። ያን ቀን ከወንበሯ መነሳት አቅቷት ቀረች።

ለመጨረሻ ሥራዋ የመረጠችው የመንደሯን ጋሜላን ነው። ይህ ቀላል አልነበረም። የቡድኑን አለቃ መንደርተኛው ሁሉ ፔካክ ሩንዱ፣ አያት ሩንዱ፣ ይላቸዋል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ሲጋራ አድሎ፣ አጨዋወታቸውን ቀርጾ ሄደ። በኋላ ዜማቸው ስማቸው ሳይጠራ በአንድ ሆቴል አሳንሰር ውስጥ ሲጫወት ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ወደ መንደሩ አዳራሽ ማይክ አልገባም። ሬሲያኒ አራት ወር ለመነች።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ትምህርት ቤትሽ ከመስማቱ በፊት እኛ እንሰማዋለን። እኛን ካልሆነ እዚያው ፊታችን ታጠፊዋለሽ።»

የሚሰሙበት ቀን ቅዳሜ ተባለ፤ ለሙዚቃ መሣሪያዎች መሥዋዕት የሚቀርብበት ቀን ነው። መሣሪያዎቹ ነጭና ቢጫ ጨርቅ ለብሰው፣ አበባ ተነስንሶባቸው ተደርድረዋል። ሬሲያኒ ስፒከሩን ምሰሶው ሥር አቁማ ከፈተችው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ፔካክ ሩንዱ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእናንተ ነዋ፣ ፔካክ።»

«የኛ አይደለም።»

ከበሮ መቺው ራሱን አዘነበለ። «ዜማው የኛ ነው። እጁም የኛ ነው፤ የኔን ስህተት ሰምቻታለሁ። ነሐሱ ግን ሬሳ ነው።»

«ምናልባት የሌላ መንደር ነሐስ ቀይጣበት ይሆናል» አለ ከኋላ አንዱ።

«ያ ባለ ሲጋራውም እንዲህ ጨዋ ነበር» አለ ሌላው።

ፔካክ ሩንዱ ግን አልተቆጡም፤ እሱ ባሰባት። «እስከ ነገ ከሰዓት ትክክለኛውን አምጪ። ከሌለ ሁሉንም እዚሁ ታጠፊዋለሽ።»

በሞተር ብስክሌቷ ወደ ትምህርት ቤቱ ስትበር በአእምሮዋ ያለችው ያቺ የተነሳች ትሪ ብቻ ነበረች። አስታዋን ስቱዲዮው ውስጥ አገኘችው።

«ምን አደረግክበት?»

«ምኑን?»

«ሥራዬን። ማክሰኞ ነክተኸዋል። ሽማግሌዎቹ ሬሳ ነው አሉኝ።»

ሌሎች ሦስት ተማሪዎች ዞረው አዩ። አስታዋ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ክፈቺው። ማሽኑ ማን መቼ ምን እንደነካ ይጽፋል። ሌባው እኔ ከሆንኩ ስሜን እዚያ ታገኚዋለሽ።»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ማክሰኞ ባዶ ነው። የመጨረሻው ለውጥ ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ ከጎኑ የተጻፈው የሬሲያኒ ስም። ከሱ በላይም ሬሲያኒ፣ ከዚያም በላይ ሬሲያኒ። ለውጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ቅኝት ማስተካከል።

መምህርታቸው ቡ ሐርቲኒ፣ እናት ሐርቲኒ፣ ከሌላ ደሴት የመጡ የጃቫ ሴት፣ የዘፋኝ ድምፅ ማረም ሲያስተምሩ ደጋግመው ይሉ ነበር፤ «ልጆች፣ የቅኝት መለኪያው መርፌ ቀይ ላይ ከቆመ ሥራችሁ አላለቀም።» ሬሲያኒ ይህን ወደ ነሐሱ ወሰደችው። ባለ ነሐስ ሰሌዳዎቹ መሣሪያዎች ጥንድ ጥንድ ናቸው። የመጀመሪያውን መለኪያ አድርጋ ሁለተኛውን ለብቻው ከፍታ አዳመጠች፤ በጥቂቱ ከፍ ብሎ አገኘችው፤ መርፌው ቀላ፤ ወደ አረንጓዴው አወረደችው። አራት ቀን ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣች፣ አንድ በአንድ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ። ሲያልቅ ሁሉንም አብራ ሰማችውና በደከመ ጆሮዋ «እንዴት ጠራ» ብላ ተደሰተች።

አስታዋ አንዱን ማስተካከያ ጠቅ አድርጎ አጠፋው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ በድንገት እንደ ውሃ ፊት ተርገበገበ። መልሶ አበራው፤ ድምፁ ተጋደመ። አጠፋው፤ ነፍስ ዘራ።

«ጥንዶቹን አስማማሻቸዋ» አለ ቀስ ብሎ። «የነሐስ ቃኚ ልጅ።»

ሬሲያኒ አባቷ ትዝ አላት፤ ሁለት ሰሌዳዎች ፍጹም አንድ ሲሆኑበት ፊቱን ያጨፈግግና «ተኙ» ይል ነበር። ከዚያ አንዷን እንደገና ይሞርዳል፣ በጥቂቱ እስኪለያዩና በመካከላቸው ያ ሞገድ እስኪነሳ። ሞገዱ ሲመጣ ጣቶቹን ትከሻዋ ላይ ያርገበግባቸው ነበር። እሷ ጨዋታ ይመስላት ነበር። ለካ እያስተማራት ኖሯል።

«ብሊ…»

«ይቅርታሽን ኋላ። መጀመሪያ እናጥፋው፤ አርባ ሁለት ቦታ ነው።»

እሑድ ከሰዓት አስታዋ ስፒከሩን ተሸክሞላት አዳራሹ ገቡ።

«ይሄስ ማነው?» አሉ ፔካክ ሩንዱ።

«ያለ ጥፋቱ የከሰስኩት ልጅ ነው።»

«ሸክሙንም አንቺው አሸከምሽው?»

ቀረጻውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሽማግሌዎቹ ጭንቅላታቸውን በይሁንታ ነቀነቁ፤ ፔካክ ሩንዱ ግን አልነቀነቁም። ተነሥተው ከአንደኛው መሣሪያ ላይ ጨርቁን ገፈፉ፣ ዝቅ ብሎ የተቃኘው ነው፤ ከኋላውም ቁጭ አሉ። «ከፍ ያለውን ጥንዱን ብቻ ከሳጥንሽ አውጪልኝ።»

ሬሲያኒ ሌላውን ሁሉ ዘግታ አንዱን ብቻ ለቀቀች። እሳቸው መምቻውን አነሡና ከድምፁ ጋር እኩል መቱ። በስፒከሩና በነሐሱ መካከል፣ በባዶው አየር ላይ፣ ሞገዱ ተነሳ። የሬሲያኒ ትከሻ ጣት ያረፈበት ያህል ነዘረው። ሦስት ጊዜ መቱ። አራተኛውን ሊመቱ እጃቸውን አንሥተው ተዉት።

«የኛ ነው። ውሰጂው» አሉ። ወዲያው ግን ዓይናቸውን አጠበቡ። «ያንን ሬሳውንስ?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«አሳዪኝ።»

ባዶውን ማህደር አሳየቻቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ወደ አስታዋ ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

አስታዋ አየት አደረጋት፤ መልሱን ከሚገባው በላይ አዘገየው። አንድ የሐሰት ቃል ቢናገር ሽማግሌዎቹ ፈቃዳቸውን ነሥተዋት ሰኞ እጇ ባዶ እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ።

«እውነቷን ነው፣ ፔካክ። እኔ ራሴ እሷን ብሆን ኖሮ ግን እኔን አላምንም ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ሬሲያኒም መሬት መሬቱን እያየች ሳቀች።

ሰኞ ጠዋት ቡ ሐርቲኒ ሥራዋን ሲከፍቱ መርፌው ቀይ ላይ ቆመ። «ይሄ አላለቀም ማለት ነው?» አሉ። «ጥንዱን አብረው ይስሙልኝ፣ ቡ» አለቻቸው። ማዳመጫውን አጥልቀው እስከ መጨረሻው ድረስ ሰሙት። ያን ጊዜ ሬሲያኒ የአበባ ትሪዋን በስተግራ፣ ጉንዳን በማይሄድበት በኩል አስቀመጠች።

ርቀቱን ግን ለካች።